ባሌስትራን ከአክስል ሥር ወደ አክስል ላይ ማዛወር፦ ጅማ ውስጥ የተሠራ የአንድ አሮጌ ፒካፕ ጉዳይ

መኪናውና ሥራው

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ45 ፒካፕ ነው። ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2ኤፍ የሚባለው የቤንዚን ሞተር ነው። ጎማው 7.50 በ16 ነው። እንደ 40 ቤተሰብ ላንድክሩዘሮች ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ንጣፍ) የታሰረው ከአክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ወፍራም ቱቦ) ሥር ነው፤ አክስሉ ባሌስትራው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ባለቤቱ ቡና ነጋዴ ናቸው። መኪናው በመኸር ወራት ከጌራ በኩል ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ጭኖ በአጋሮ አድርጎ ጅማ ይገባል። ከአጋሮ እስከ ጅማ አስፋልት ስለሆነ ችግር የለውም። ችግሩ ከእርሻ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል፣ የጭነት መኪና የሄደበት ቦይ ሆኖ ይደርቃል። የተለመደው ጭነት እያንዳንዱ 60 ኪ.ግ የሚመዝን 12 ጆንያ፣ በድምሩ 720 ኪ.ግ ወይም 42 ፈረሱላ ገደማ ነው።

የቀረበው አቤቱታና የተገኘው ችግር

አቤቱታው አጭር ነበር፦ «የኋላው ባሌስትራ በዓመት ሁለቴ ተሰበረ፤ ጠንካራ ይግባበት፣ ከፍም ይበል።»

መኪናው ክሪክ ላይ ሲወጣ የተገኘው ከአቤቱታው ሰፋ ያለ ነበር። ከዚህ በፊት በሌላ ጋራዥ ከመጀመሪያዎቹ 7 ንጣፎች በተጨማሪ ከጭነት መኪና የወጣ አንድ ወፍራም ንጣፍ ገብቶበታል። የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው 7 ሚ.ሜ ሲሆኑ የተጨመረው 10 ሚ.ሜ ነው። ልዩነቱ 3 ሚ.ሜ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የንጣፍ ግትርነት የሚጨምረው በውፍረቱ ሳይሆን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው። ስለዚህ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ አንዱ ባለ 10 ሚ.ሜ ንጣፍ የሦስት ባለ 7 ሚ.ሜ ያህል ግትር ነው። ባለ 7 ንጣፉ ባሌስትራ በአንድ ሌሊት ባለ 10 ሆኗል። ባዶውን ሲሄድ የኋላው ጎማ መሬት አይረግጥም ነበር፤ ሹፌሩም ለዚህ ብሎ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጆንያ አሸዋ ይዞ ይዞር ነበር።

የሚሰበረው ግን ባሌስትራው ስለላላ አይደለም። ሁለቱም ጊዜ ዋናው (የላይኛው) ንጣፍ የተሰበረው መሃል ላይ፣ የመሃል ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ባሌስትራ በዚህ ቦታ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዩ-ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ብሎን) ነው። ዩ-ቦልት አጥብቆ ከያዘ መሃሉ አይተጣጠፍም፤ ከላላ ግን መታጠፉ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፣ ቀዳዳ ያለበት ብረት ደግሞ ደካማ ነው። እዚህ መኪና ላይ አራቱም ዩ-ቦልቶች ልል ነበሩ። ማጥበቅም አልተቻለም፣ ምክንያቱም ዳዶዎቹ የሚገኙት ከሁሉም በታች ነው። ባሌስትራው ከአክስል ሥር ሲሆን የዩ-ቦልቱ ጥርስ ወደ መሬት ይመለከታል፤ በቦይ ውስጥ ድንጋይ እየመታው ጥርሱ ተደፍጥጧል። ከመሬት እስከ ጥርሱ ጫፍ 23 ሳ.ሜ ነበር። ከመሬት እስከ አክስሉ ቱቦ ደግሞ 34 ሳ.ሜ። በመሃል ያለው 11 ሳ.ሜ በሙሉ ማረሻ ነው።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ድንጋይ ጥርሱን ይመታል፣ ዳዶው አይጠብቅም፣ ዩ-ቦልቱ ይላላል፣ ንጣፉ መሃሉ ላይ ይሰበራል፣ ከዚያ «ደካማ ነው» ተብሎ ወፍራም ይጨመራል። ወፍራሙ ደግሞ የታችኛውን ጥርስ ይበልጥ ወደ መሬት ያወርደዋል።

ለምን ማዛወር ተመረጠ

ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው ባለቤቱ የጠየቁት ነው፤ ሌላ ወፍራም ንጣፍ መጨመር። ሁለተኛው እንደነበረው አድሶ በአዲስ ዩ-ቦልት ማሰር። ይህ ርካሽ ነው፣ በአስፋልት ለሚሄድ መኪናም የሚመረጠው እሱ ነው፤ እዚህ ግን ድንጋዩ በሚቀጥለው መኸር ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛው ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ አዛውሮ ዩ-ቦልቱን ገልብጦ ማሰር፣ ዳዶው ወደ ላይ እንዲሆን። ተመራጩ ይህ ሆነ።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ለባለቤቱ በግልጽ ተነገራቸው። ሙሉ (ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ) አክስል ባለው መኪና ባሌስትራ ማዛወር ሻንሲውን (የመኪናውን አጽም) ከፍ ያደርጋል እንጂ የዲፈረንሻሉን (አክስሉ መሃል ያለውን የጥርስ ሳጥን) ሆድ ከመሬት አያርቅም፤ እሱን የሚወስነው ጎማ ብቻ ነው። ከሥራው በፊት ከዲፈረንሻሉ እስከ መሬት 21 ሳ.ሜ ነበር፣ አሁንም 21 ነው። የሚገኘው ጥቅም ጎማዎቹ አጠገብ፣ ቦዩ ጠርዝ ላይ የሚሄደው ቦታ ነጻ መሆኑ ነው።

ከፍታውን መቆጣጠር

ባሌስትራ ከሥር ወደ ላይ ሲሄድ የሚያነሣው ከፍታ የሚገኘው በመደመር ነው፦ የአክስሉ ቱቦ ውፍረት፣ የአሮጌውና የአዲሱ መቀመጫ (ቱቦው ላይ ተበይዶ ባሌስትራውን የሚቀበለው ብረት) ከፍታ፣ ከዋናው ንጣፍ በታች ያሉት ንጣፎች ውፍረት። እዚህ ቱቦው 8 ሳ.ሜ፣ መቀመጫዎቹ 1.2 እና 1.2፣ ንጣፎቹ 3.8 ሳ.ሜ ናቸው። ድምሩ 14 ሳ.ሜ ገደማ ይሆናል። ቡና ጭኖ ጎን ለጎን ለሚያዘነብል መንገድ 14 ሳ.ሜ መነሣት አደጋ ነው፤ ሻፍቱንም (ኃይልን ወደ ኋላው አክስል የሚወስደውን ዘንግ)፣ ፍሬኑንም፣ የመኪናውን ፊትም ያበላሻል።

መፍትሔው የባሌስትራውን ቅስት መቀነስ ነው። መኪናው ሲመጣ ባዶውን 13 ሳ.ሜ ቅስት ነበረው። አዲሱ 5 ሳ.ሜ እንዲሆን ተወሰነ። 14 ሲነሣ 8 ከቅስቱ ይቀነሳል፣ የተጣራው ከፍታ 6 ሳ.ሜ ይሆናል። ፊቱ በአዲስ ባሌስትራ 4 ሳ.ሜ ስለተነሣ ኋላው ባዶውን 2 ሳ.ሜ ብቻ ብልጫ አለው፤ ሲጫን ይስተካከላል።

ቅስት ሲቀንስ ግን ባሌስትራው ይረዝማል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከቀለበት እስከ ቀለበት (ጫፎቹ ላይ ብሎን የሚያልፍባቸው) 120 ሳ.ሜ በሚደርስ ባሌስትራ ላይ ቅስቱ ከ13 ወደ 5 ሳ.ሜ ሲወርድ ርዝመቱ 3 ሳ.ሜ ያህል ይጨምራል። የፊተኛው ቀለበት ሻንሲው ላይ የተቸነከረ፣ የኋለኛው በሻክል (በሚወዛወዝ አጭር ማያያዣ) የተንጠለጠለ ስለሆነ ጭማሪው በሙሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሻክሉ ባዶውን ከሞላ ጎደል ተኝቶ ተገኘ። የተኛ ሻክል እንደ ዱላ ይገፋል እንጂ አይወዛወዝም። የኋላው ማንጠልጠያ 3 ሳ.ሜ ወደ ኋላ ተዛወረ። አክስሉ ራሱ ደግሞ የጭማሪውን ግማሽ፣ 1.6 ሳ.ሜ ያህል፣ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይነካካ ተለክቶ በቂ ሆኖ ተገኘ።

የባሌስትራው አደረጃጀት

አዲሱ ባሌስትራ 5 ባለ 7 ሚ.ሜ ንጣፎችና ከሁሉም በታች አንድ ዝርግ ባለ 10 ሚ.ሜ አጋዥ አለው። አጋዡ ያው ችግር የፈጠረው የጭነት መኪና ንጣፍ ነው። ወደ 80 ሳ.ሜ ተቆርጦ፣ በፕሬስ በቀዝቃዛው ተዘርግቶ፣ ጭነት እስኪከብድ ድረስ ከሌሎቹ ጋር እንዳይነካካ ሆኖ ገባ። የተቆረጠው በግራይንደር ዲስክ፣ ውኃ እየፈሰሰበት ነው። በጋዝ ነበልባል የተቆረጠ ወይም የጋለ የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያጣል፤ በዚያው ቦታ ይለግማል ወይም ይሰበራል። በባሌስትራ ንጣፍ ላይ መበየድም እንዲሁ ነው፣ ትንሽ ነጥብም ብትሆን።

የመሃል ብሎኑ መገልበጥ አለበት። ባሌስትራው ከሥር ሳለ የብሎኑ ክብ ራስ ወደ ላይ፣ ወደ አክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ይገባ ነበር። አሁን መቀመጫው ከታች ስለሆነ ራሱ ወደ ታች መመልከት አለበት። ካልተገለበጠ ወደ መቀመጫው ቀዳዳ የሚገባው ዳዶው ይሆናል፤ ዳዶው ደግሞ ቀዳዳውን አይሞላም፣ አክስሉም በፍሬን ሰዓት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል።

ሲያልቅ በጭነት ተፈተነ። ጆንያዎቹ ካሶኒው ውስጥ ከአክስሉ በላይ ተደርድረው በየሁለት ጆንያው ከሻንሲ እስከ አክስል ተለካ። በመጀመሪያዎቹ 360 ኪ.ግ 5 ሳ.ሜ ወረደ፣ በሚቀጥሉት 360 ኪ.ግ ደግሞ 3 ሳ.ሜ ብቻ። አጋዡ የሚነካው ከ6 ጆንያ በኋላ መሆኑ በዚህ ታየ። በ720 ኪ.ግ ጠቅላላው 8 ሳ.ሜ ነው፤ የቀድሞው ደረቅ ባሌስትራ በዚያው ጭነት የሚወርደው 5 ሳ.ሜ አይሞላም ነበር። አሸዋው ከካሶኒው ወጣ።

መቀመጫውና ብየዳው

መቀመጫዎቹ ከ8 ሚ.ሜ ላሜራ ተቆርጠው፣ በቶርኖ ቤት ለቱቦው ክብ ተስተካክለው፣ 13 ሳ.ሜ ርዝመትና እንደ ባሌስትራው 7 ሳ.ሜ ስፋት ኖሯቸው ተሠሩ። ሦስት ነገር ቀድሞ ተደረገ፦ ባትሪው ተፈታ፣ ዘይቱ ተቀድቶ ሰሚያሶቹ (በአክስሉ ውስጥ ሆነው ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች) ወጡ፣ ጎማዎቹ በእንጨት ታገዱ። የመጨረሻው በዚህ መኪና ላይ ግዴታ ነው። የዚያ ዘመን 40 ላንድክሩዘር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ ያለውን ሻፍት ነው፤ ሻፍቱ ከተፈታ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም መኪናው ይንከባለላል።

አሮጌዎቹ መቀመጫዎች መጀመሪያ አልተነቀሉም። ቱቦው ክብ ስለሆነ እነሱ ከጠፉ የመጀመሪያው ማዕዘን የት እንደነበረ የሚነግር የለም። አዲሶቹ በነጥብ ብየዳ ብቻ ተያዙ፣ ሰሚያሶቹና ጎማዎቹ ለጊዜው ተመለሱ፣ መኪናው ወርዶ ክብደቱ በጎማው ላይ አረፈ፣ ማዕዘኑ የተወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በክሪክ ተሰቅሎ የተለካ ማዕዘን መሬት ሲነካ ሌላ ይሆናል።

ሙሉው ብየዳ በ7018 ኤሌክትሮድ፣ ባለ 3.2 ሚ.ሜ፣ በ120 አምፔር ገደማ ተሠራ። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም፣ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት ነው። ተከፍቶ የቆየ ፓኬት በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሲሞቅ ነበር፤ ምጣድ የላይኛውን እርጥበት ያነሣ ይሆናል እንጂ ኤሌክትሮዱ የሚፈልገውን ከ300 ዲግሪ በላይ አይሰጥም። ለዚህ ሥራ ያልተከፈተ ፓኬት ተገዛ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስህተት ተፈጠረ። መብራት ይጠፋል ብሎ የቸኮለው በያጅ የግራውን መቀመጫ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በቱቦው አናት ላይ ብቻ ስለተበየደ የቱቦውን ጫፍ ወደ ላይ ሳበው። በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ላይና ታች ሲለካ 4 ሚ.ሜ ልዩነት አሳየ። የታየውም ከመበየዱ በፊት ተለክቶ ስለተጻፈ ብቻ ነው። ከመቀመጫው ትይዩ ከቱቦው ሥር ጠባብ መስመር በጋዝ ተሙቆ ራሱ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ተመለሰ፣ ልዩነቱም 1 ሚ.ሜ ሆነ። የቀኙ ግን 3 ሳ.ሜ እየተበየደ፣ ወደ ሌላው ጎን እየተዞረ፣ በመካከል በእጅ እስኪነካ እየተጠበቀ ተሠራ። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ምንም አልተጣመመም።

ከዚያ አሮጌዎቹ መቀመጫዎች በግራይንደር ተነሡ። አዲስ ባለ 14 ሚ.ሜ ዩ-ቦልቶች ቱቦውን ከሥር አቅፈው ጥርሳቸው ወደ ላይ፣ ከባሌስትራው በላይ ባለ 12 ሚ.ሜ ሳህን ላይ ታሰሩ፤ በ120 ኒውተን ሜትር፣ በመስቀለኛ ተራ። አሮጌ ዩ-ቦልት ዳግም አይታሰርም፤ አንዴ ተለጥጧል። ከመሬት እስከ ዩ-ቦልቱ ዝቅተኛ ነጥብ አሁን 32.6 ሳ.ሜ ነው። በ23 ፈንታ ማለት ነው።

ሻፍት፣ ፍሬን፣ ሾክ አብዞርበር

ሻፍቱ 120 ሳ.ሜ ገደማ ነው። የ6 ሳ.ሜ ከፍታና የአክስሉ ወደ ኋላ መሄድ ተደምሮ ከተንሸራታቹ ጥርስ 2.5 ሳ.ሜ አወጣ። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሲለካ 6 ሳ.ሜ ጥርስ ገብቶ ስለተገኘ ማስረዘም አላስፈለገም። 14 ሳ.ሜ ቢነሣ ኖሮ ቶርኖ ቤት መሄድ ግድ ነበር።

የፍሬኑ የጎማ ቱቦ በ7 ሳ.ሜ በሚረዝም ተለወጠ፣ አየሩም ወጣ። ሾክ አብዞርበሮቹ አጥረው ተገኙ፤ ረጃጅሞቹ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝተው በአውቶቡስ ተጭነው መጡ። 350 ኪ.ሜ ርቆ ዕቃ የሚያዝ ሰው የሚልከው ቁጥር ሦስት መሆን አለበት፦ ሲዘጋ ስንት፣ ሲከፈት ስንት፣ የቡሹ (ብሎኑ የሚያልፍበት ማስገቢያ) ቀዳዳ ስንት። መጀመሪያ የተላከው «የላንድክሩዘር የኋላ» የሚል ቃል ብቻ ስለነበር የመጣው ተመልሷል፣ ሦስት ቀንም ሄዷል።

የሻክልና የቀለበት ብሎኖች መጨረሻ የጠበቁት መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የቡሹ ጎማ መኪናው በሚወርድበት ጊዜ ተጠማዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል።

በጅሬን ዳገት የታየው

ሻፍት ላይ ያሉት ሁለት ክሮቼራዎች (መስቀለኛ መጋጠሚያዎች) እኩል እንዲሽከረከሩ የትራንስፈሩ ፍላንጅና የፒኞኑ (ሻፍቱን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ፍላንጅ ትይዩ መሆን አለባቸው። እዚህም ትይዩ ተደርገው ተበየዱ። ባዶውን በአስፋልት 80 ኪ.ሜ በሰዓት ድረስ ምንም ንዝረት አልነበረም።

ከዚያ 12 ጆንያ ጭኖ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው የጅሬን ዳገት ላይ ቆሞ እንዲነሣ ተደረገ። ኋላው ሦስት አራት ጊዜ ዘለለ፣ ከሥርም ድም ድም የሚል ድምፅ መጣ። ሹፌሩ ወርዶ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሊበር ነው እንዴ?» ብሎ ዋናውን መካኒክ ጠየቀው። መካኒኩም «መብረር አይደለም፣ አክስሉ እየተጠመዘዘ ነው» አለው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጎማው ወደፊት ሲገፋ አክስሉ በተቃራኒው ሊዞር ይሞክራል፣ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። የሚይዘው ባሌስትራው ብቻ ነው። ባሌስትራው ለስላሳና ዝርግ ሲሆን፣ ከአክስሉ መሃል ደግሞ ሲርቅ፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ሲበቃው ይለቅቃል፣ ጎማው ይዘላል፣ እንደገና ይይዛል። መጠኑን ለማወቅ ስልክ ዲፈረንሻሉ ላይ በላስቲክ ታስሮ የማዕዘን መለኪያው በቪዲዮ ተቀረጸ፣ የፊት ጎማዎቹም በግንድ ታግደው በከባዱ ማርሽ ፍሪሲዮኑ በቀስታ ተለቀቀ። ማንም ከሥር አልገባም። ፒኞኑ 7 ዲግሪ ተነሣ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። ከአክስሉ ወደ ሻንሲው ሁለቱም ጫፉ በብሎን የታሰረ የብረት ክንድ ተሠራ። ዳገቱ ላይ ግሩም ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን የሻንሲው ማሰሪያ ተሰነጠቀ። አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ በባሌስትራው መንገድ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይሄዳል። ሁለት ቦታ የተቸነከረ ክንድ ይህን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ከባሌስትራው ጋር ሲታገል ከርሟል።

ሁለተኛው ሦስት ለውጥ ነበረው። ሁለተኛው ንጣፍ ረዝሞ ጫፉ የፊተኛውን ቀለበት እንዲያቅፍ ተደረገ፣ ክፍተት ተትቶለት። ንጣፎቹን የሚይዙት ማቀፊያዎች ከፊት እንዲጠብቁ፣ ከኋላ እንዲላሉ ተደረገ። ክንዱም ተመለሰ፣ ግን ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ በአጭር ሻክል ተንጠልጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ እንዲችል፤ መጠምዘዝን ይከለክላል፣ መውጣትና መውረድን አይከለክልም። በዚያው የግንድ ፈተና ፒኞኑ የተነሣው 2 ዲግሪ ሆነ።

ለዚያ 2 ዲግሪ ማካካሻ ፒኞኑ ሲቆም ከትይዩ 2 ዲግሪ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ሲጎትት ትይዩ ይሆናል። በብየዳ የተያዘውን መቀመጫ ከመንቀል ይልቅ በመቀመጫውና በባሌስትራው መሃል የብረት ሽብልቅ ገባ፣ 13 ሳ.ሜ ርዝመት፣ ወፍራም ጫፉ 4.5 ሚ.ሜ። ባሌስትራው ከላይ ሲሆን ፒኞኑን ለማውረድ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ፊት ነው። ከሥር ቢሆን ወደ ኋላ ነበር። መጀመሪያ በልማድ ወደ ኋላ ገብቶ መኪናው በ50 ኪ.ሜ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንድ ሰዓት የፈጀ ስህተት። ሽብልቁ ከአሉሚኒየም መሠራት የለበትም፤ ይጨፈለቃል፣ ዩ-ቦልቱም ይላላል፣ እንደገና ወደ ጀመርንበት።

ከዚያ በኋላ

ለአራት ቀን የታሰበው ሥራ፣ የተሰነጠቀውን ማሰሪያ ጨምሮ፣ 11 የሥራ ቀን ወሰደ። ብየዳው ራሱ ከሁለት ቀን አልበለጠም። ዩ-ቦልቶቹ በ100 ኪ.ሜ እና በ500 ኪ.ሜ እንደገና ጠበቁ። በመጀመሪያው ጊዜ ሁሉም ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ተቀበሉ፣ በሁለተኛው አንድም አልተቀበለም።

አንድ መኸር ከሠራ በኋላ የተሰበረ ንጣፍ የለም፣ ክሮቼራዎቹም ጤነኛ ናቸው። የዩ-ቦልቶቹ ጥርስ ንጹሕ ነው። ያላማረው የክንዱ ሻክል ቡሽ ነው፤ ጭቃ ስለሚገባበት በስምንት ወር አልቆ መንኳኳት ጀመረ። የተቀየረው ቅባት በሚቀበል የነሐስ ቡሽ ነው። ሹፌሩ ሌላም ቅሬታ አለው፦ መኪናው ከበፊቱ ይልቅ በጠማማ ላይ ያጋድላል። እውነት ነው። ሻንሲው 6 ሳ.ሜ ከፍ ብሏል፣ ባሌስትራውም ለስልሷል፣ ሁለቱም በዚያ አቅጣጫ ይሠራሉ። ጆንያ ከካሶኒው ጠርዝ በላይ እንዳይደረደር ተነግሮታል።

ለሌላ መኪና የሚያገለግለው

ባሌስትራ የተሰበረበት ቦታ መንስኤውን ስለሚናገር ስባሪው ሳይታይ አይጣል። መሃል ከተሰበረ ዩ-ቦልት ይታይ። ቀለበቱ አጠገብ ከተሰበረ ቡሽ፣ ሻክልና ከመጠን ያለፈ መወዛወዝ ይታዩ። ከማቀፊያው ሥር ከተሰበረ ማቀፊያው ከልክ በላይ ጠብቋል።

ጭነት ለመሸከም ንጣፍ መጨመር ካስፈለገ ዘግይቶ የሚነካ አጋዥ ይሻላል። ሙሉ ርዝመት ያለው ወፍራም ንጣፍ ባዶ በሚሄድበት ቀን ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል።

በአስፋልትና በጥርጊያ መንገድ ብቻ ለሚሠራ መኪና ይህ ሥራ አይመከርም፤ አራት አዲስ ዩ-ቦልት ይበቃዋል። ሻፍቱ አጭር የሆነ መኪናም፣ ለምሳሌ አጭሩ ኤፍጄ40፣ ለዚያው 6 ሳ.ሜ የሚከፍለው የክሮቼራ ማዕዘን ብዙ ስለሚበልጥ ስሌቱ ከመጀመሪያ ይሠራ።

የሚያሠራ ሰው ከጋራዡ አንድ ወረቀት ይጠይቅ፦ ከመበየዱ በፊትና በኋላ የጎማዎቹ ርቀት ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ፤ የትራንስፈሩና የፒኞኑ ማዕዘን ባዶና ተጭኖ፤ አክስሉ ሲንጠለጠል የሻፍቱ ጥርስ የሚቀረው ርዝመት። የዚህ መኪና ወረቀት ጋቢናው ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር ተቀምጧል፤ ክሮቼራ የሚቀይር ቀጣይ መካኒክ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።